እኔና ዓሣ አንበሪው

የባለቤቴን ወንድም ሰሎሞንን ካኮረፍኩት ይኸው ሦስተኛ ወር ሆነኝ። ፒያሳ ብታገኙት ሰላም በሉልኝ አልልም፤ ምሳ በልቶ እንደሆነ ብቻ ጠይቁልኝ። በባዶ ሆዱ ማኪያቶ መጠጣት ይወዳል፤ ጨጓራው ሲነሣበት ደግሞ «የሥዕል ሕመም ነው» ይላል። ሥዕል ሕመም ከሆነ የታመምኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አስተላላፊው ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የተናደደ ሰው ወሬውን ከመሀል ይጀምርና ሰሚ ያጣል።

አምና ክረምት ላይ ልጄን ቤዛን ሳል ያዛት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሰው ልጅ ሲስል ጉንፋን ነው፤ የእኔ ልጅ ስትስል ግን ሳንባ ነው። ዝንጅብል አፈላሁ፣ ጤና አዳም አስሸተትኳት፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አላምጪ ብዬ ልጅቷን ከጓደኞቿ አራራቅኋት። ሦስት ሳምንት አልለቅ አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ «ራጅ ትነሣ» አለ። ልጄ ያንን ቀዝቃዛ ብረት በደረቷ አቅፋ ስትቆም በበሩ ስንጥቅ እያየሁ እንዲህ አልኩ፦ «ቅዱስ ሩፋኤል ሆይ፣ ሳንባዋን ንጹሕ አድርገህ አሳየኝ፤ ለከርሞ ጳጉሜን ሦስት፣ በበዓልህ ቀን፣ ሥዕልህን በእጅ አሥዬ፣ እኔና ልጄም ከእግርህ ሥር ሆነን፣ ደጅህ ድረስ ተሸክሜ አመጣለሁ።»

ሳንባዋ ንጹሕ ሆነ። የቀረው የእኔ ቃል ነው። ሰውን ያስቀየመ ሌላ መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ መልአክን ያስቀየመ በየት በኩል ይሄዳል?

እግሩ ሥር ማለቴ ከራሴ የፈጠርኩት አይደለም። ድሮ ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ፣ ከቅዱሱ እግር ሥር ወድቆ ይሣላል። «ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ አስበኝ» ማለት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ይህን የሚያውቁ መሪጌታ ነበሩ። ሰፈሩ ሲነሣ እሳቸውም ተነሡ፤ ከከተማው ዳር የት እንደገቡ የሚነግረኝ አጣሁ። የታተመ ሥዕል በየሱቁ ሞልቷል። እኔ ግን «በእጅ አሥዬ» ብያለሁ። መልአክን «የታተመውም ያው ነው» ብለህ አታግባባውም።

እንዲህ ስጨነቅ ነሐሴ ገባ። ሰሎሞን የሰማው ያኔ ነው።

«እትዬ፣ እኔ እያለሁልሽ ሠዓሊ ትፈልጊያለሽ?»

ሰሎሞን አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥዕል ተምሯል፤ አንድ ትምህርት ቤት ሕፃናትን አበባ ያሥላል። የራሱን ሥዕል ግን እስካሁን የገዛው ሰው የለም። የተከራያት ክፍል ጨለማ ስለሆነች ሸራውን፣ ቀለሙን፣ የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ የሞላበትን ጠርሙስ ይዞ እኛ ቤት ገባ። የእኛ ቤት ድሮ አትክልት ተራ ከነበረው በላይ፣ ባለእንጨት ፎቅ ነው፤ በመጋረጃ የተከፈለች አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ። ክረምት ስለሆነ መስኮቱ ዝግ ነው። ልጄን ብርድ እንዳይመታብኝ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቄዋለሁ።

ሰሎሞን ሥራ የሚጀምረው በብሩሽ መስሏችሁ ይሆናል። በስልክ ነው የሚጀምረው።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ዓይንሽ ይከፈት። የዓለምን ውድ ሥዕሎች ላሳይሽ።»

እኔ አምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ብርጭቆ አጥቤያለሁ። ሥዕል ማየት ግን ልጅ ሆኜ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተምሬያለሁ፤ ማንም ዓይኔን እንዲከፍትልኝ አልፈልግም። ቢሆንም ዝም አልኩ። ሥራ የሚሠራልህን ሰው ሥራው እስኪያልቅ አትቆጣውም፤ ቀን ተቀን የሚጠራቀመው ቁጣ ሥራው ሲያልቅ ይሰጠዋል።

«ይኼ በጨረታ ከተሸጡት ሁሉ ውዱ ነው። ወደ አራት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዶላር» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

ብሩን አልሰማሁትም። ያየሁት ጌታን ነው። ሰማያዊ ልብስ ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ለቡራኬ አንሥቶ፣ በግራው የብርጭቆ ኳስ ይዞ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ አማተብኩ፣ ስልኩንም ተሳለምኩት። ሌላ ምን ላደርግ ኖሯል?

ስልክ ደግሞ የነካውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። ቀና ስል ከንፈሬ ያረፈበት ጌታ የለም። ቀይ ነገር ላይ እርቃኗን የተጋደመች ሴት አለች። እናቷ እንደወለደቻት!

«ውይ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ» አለ ሰሎሞን ሳቁን ውጦ። «እሷም እኮ መቶ ሰባ ሚሊዮን አውጥታለች።»

ወደ ጓዳ ሮጬ አፌን በጸበል ተጉመጠመጥኩ። እየተጉመጠመጥኩም «ስንት ነው ያልከው?» አልኩት። ሰው ነኝ።

ወደ ጌታ ሥዕል ሲመለስልኝ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ አየሁት። «የአፉን ዳር እዪ፣ መስመር የለውም» ይለኛል። «ጉንጩ የት አልቆ ጨለማው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። እንደ ጭስ ነው የተዋሐደው።» እውነቱን ነው። ከሻይ ማፍያው እንፋሎት ጀርባ የቆመ ሰው ፊት ይመስላል፤ አለ፣ ግን ብትነካው የምትደርስበት አይመስልህም። ደስ አለኝ። ከዚያ ኳሱን አየሁና ደስታዬ ቀረ።

«ይኼ ኳስ ብርጭቆ ነው?»

«አዎ፣ ጥርት ያለ ብርጭቆ።»

«ታዲያ ከኋላው ያለው ልብስ ለምን አልተገለበጠም?»

«ማለት?»

ሆዱ እንደ ኳስ ክብ የሆነ ብርጭቆ አንሥቼ ውኃ ሞላሁና ቤዛን ከኋላው አስቀመጥኳት። ልጄ ብርጭቆው ውስጥ ተዘቅዝቃ ታየች፤ አገጯ ላይ፣ ግንባሯ ታች። «አየኸው? ብርጭቆ እንዲህ ነው። ወይ ያ ኳስ ብርጭቆ አይደለም፣ ወይ ሠዓሊው ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም።»

ሰሎሞን ጎንበስ ብሎ በብርጭቆው ውስጥ ልጅቷን አየ። «እትዬ፣ በዚህ ጉዳይ እኮ የዓለም ሊቃውንት ናቸው የሚጨቃጨቁት።»

«ለአንድ ቀን ወደ እኛ ኬክ ቤት ላካቸው። አሁን የት ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው?»

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የገዛው ሰው አስቀምጦታል፤ የት እንዳለ በደንብ አይታወቅም።»

«ጌታን ቆልፎበት?» ያን ቀን የበሰለው ሽሮ በንዴት አረረ።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ አመጣ። ቀለም ከላይ ተንጠባጥቦበት፣ ተረጭቶበት፣ ተዝረክርኮበት። ቤት የሚቀቡ ሰዎች ወለል ላይ የሚያነጥፉት ጋዜጣ ቁርጥ። «ክንዱን እንደ ዘፈን እያወዛወዘ ነው ያንጠባጠበው። እጁ የሄደበትን መንገድ በዓይንሽ ተከተዪው» አለኝ። ተከተልኩት፤ አዞረኝ። ቀጥሎ ደግሞ ብርቱካናማና ቀይ ብቻ፣ አንዱ ካንዱ በላይ እንደ ታጠፈ ብርድ ልብስ። ይህንንስ አልሰድበውም። ዳር ዳሩ የሚተነፍስ ይመስላል፤ ዝም ብለህ ስታየው ደረትህ ላይ ይሞቅሃል። ግን ለዚህ መቶ ሚሊዮን ዶላር አይከፈልም። ለዚህ ጀንበር ስትጠልቅ በረንዳ ላይ መውጣት ነው።

በዚህ መሀል ቤዛ ሳለች።

አንድ ጊዜ ነው የሳለችው። እኔ ግን የያዝኩት ሰሃን ከእጄ አመለጠ። በነጋታው ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፦ መልአኩ አስታወሰኝ። ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ አሁን ስልክ ታያለሽ እያለኝ ነው።

«ሰሎሞን፣ ፍጠን!»

«ሥዕል አይጣደፍም እትዬ።»

«ሥዕሉ አይጣደፍ፤ አንተ ተጣደፍ!»

ከልጄ አጠገብ አልነሣ አልኩ። ኬክ ቤት ፈቃድ ጠየቅኩ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ፤ ከኋላዬ ሰሎሞን ቀለሙን በአኳራጅ እያቀጠነ ይሥላል። ስንጥቁ ላይ የጠቀጠቅሁት ጨርቅ የላላ ሲመስለኝ እንደገና እጠቀጥቀዋለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን «አለቀ» አለ። እውነት ለመናገር ሲገልጠው እንባዬ መጣ። መልአኩ ክንፉን ዘርግቷል፣ ዓይኖቹ ትላልቅ፣ ጦሩን ይዟል። ከባሕሩ ውስጥ ዓሣ አንበሪው አለ፤ በድርሳኑ እንደሚነገረው ጀርባው ላይ ቤተ ክርስቲያን የተሠራበት፣ ቢነቃነቅ መልአኩ በጦር ወግቶ ያስቆመው። ከእግሩ ሥር ልጄ ከነጥርሷ። ከአጠገቧ እኔ በነጠላዬ። «ተባረክ» አልኩና ታች ቤት ያሉትን እትዬ ዘውዴን ጠራኋቸው። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አልችልም፤ ንዴቴንም እንዲሁ።

እትዬ ዘውዴ መነጽራቸውን አደረጉ። አዩ። ቀረብ ብለው አዩ።

«ያምራል። የሚካኤል ነው?»

«ኧረ የሩፋኤል ነው እትዬ ዘውዴ! ዓሣ አንበሪው አይታይዎትም?»

«አይ፣ ከእግሩ ሥር ሰይጣን ስላየሁ ነው። ሰይጣን የሚረገጠው ሚካኤል ሥር ነው ብዬ።» ትንሽ አሰቡና «ነጠላ የለበሰ ሰይጣን ግን ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

ያኔ ነው ያየሁት።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለማያውቅ ልንገር። ጻድቅ ሲሣል ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ኃጥእ ግን በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይሁዳ በአንድ ዓይን፣ ሰይጣን በአንድ ዓይን፣ ጌታን የገረፉት ሁሉ በአንድ ዓይን። እና እኔ፣ ዓመት ሙሉ በዚህ ስለት እንቅልፍ ያጣሁት እናት፣ በጎን ተሥዬ፣ አንዲት ዓይን ብቻ! መልአኩ ሁለት ዓይን አለው፣ ልጄ ሁለት ዓይን አላት። በዚያ ሁሉ ሸራ ላይ አንድ ዓይን ያለን እኔና ዓሣ አንበሪው ነን። እሱስ በጦር የተወጋ ነው፤ እኔ ምን አድርጌ?

«ሰሎሞን!» ጩኸቴ አስፋልት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ምን በደልኩህ? ለአሥራ ሁለት ቀን ያበላሁህ ምሳ ነው እንዲህ ያስደረገህ?»

«እትዬ፣ ይኼ የድሮ ደንብ ነው፤ እኔ የሣልኩት ያየሁትን ነው።»

«አንድ ዓይን ነው ያየህብኝ?»

«አዎ!» አለ፤ እሱም ጮኸ። «አሥራ ሁለት ቀን እዚህ ቤት ስቆም አንድ ቀን ፊትሽን አዙረሽ አላየሽኝም። ሁሌ ወደ ልጅቷ ነሽ። ምሳ ስታቀርቢ እንኳ እሷን እያየሽ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት ወጡን ጭኔ ላይ ነው ያፈሰስሽው። በየት በኩል ልሣልሽ? ሌላውን ዓይንሽን አላውቀውም!»

ልክ የሆነ ነገር ሲነግሩኝ ደግሞ ይብስብኛል። «እንደገና ሣለው» አልኩት።

«ፊት ካዞርኩ አንገትም ትከሻም ይዞራል። ቀለሙ በዚህ ክረምት መቼ ሊደርቅ? በዓሉ እኮ አምስት ቀን ነው የቀረው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ቤዛ ሳለች።

ሰሎሞን ሊያባብለኝ ስልኩን አወጣ፤ አመሉ ነው። «ለመሆኑ ፊት እንዲህ ብቻ ነው የሚሣለው ያለው ማነው? ይቺን እያት። ይቺም በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት ናት። ሰውየው ሴትዮዋን ከፊትም ከጎንም ያያትን በአንድ ጊዜ ነው ያስቀመጠው።»

አየሁ። ሴትዮዋ በጎን ናት፤ አፍንጫዋ ወደ ግድግዳ ዞሯል። ግን ሁለቱም ዓይኖቿ በአንድ ጉንጭ ላይ ናቸው! አንዱ ከአንዱ በላይ እንደ ቁልፍ ተደርድረዋል። እነሆ የዚያን ሁሉ ውድ ሥዕል ምሥጢር ያን ጊዜ ተረዳሁት።

«ይኼ ሰውዬ ደግ ነው!» አልኩ።

«ማን?»

«ሠዓሊው ነዋ! በጎን ሊሥላት ፈልጓል፤ ግን ኃጥእ ናት እንዳይሏት ሁለተኛውን ዓይን ከዚያ ወዲያ ፈልጎ አመጣላት። አየህ? ሰው ማለት ይኼ ነው። በል ለእኔም አምጣልኝ።»

ራሱን ያዘ። «እትዬ፣ ያ ሰው ስለ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ምንም አያውቅም!»

«ካላወቀ ዓይኑን ለምን ጨመረ?»

የተማረ ሰው መልስ ሲያጣ ደስ ይላል። ብሩሹን አነሣ።

መጀመሪያ ያደረገው ግንባሬ ላይ ነበር፤ ቁስል መሰለ። «ዝቅ!» አልኩት። በአኳራጅ ጠረገና ዝቅ አደረገው፤ ጆሮዬ ሥር ገባ፣ ጉትቻ መሰለ። «ፈቀቅ!» ጠረገና ፈቀቅ አደረገው። ሦስት ቀን ዓይኔ ፊቴ ላይ ማደሪያ አጥቶ ሲንከራተት ሰነበተ። በተጠረገ ቁጥር ቤዛ ትስላለች፤ በሳለች ቁጥር እኔ «ቶሎ በል፣ መልአኩ ተቆጥቷል» እላለሁ፤ ቶሎ ባለ ቁጥር ይበላሻል፣ በተበላሸ ቁጥር ይጠርጋል።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ታክሲውን አቁሞ ምሳ ሊበላ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ረዳቱ ስለሚጮህለት ቤት ውስጥ ድምፁ አይሰማም። በሩን ከፍቶ ቆመ። ተነፈሰ። አሳለው።

«የቤዛ እናት» አለ፣ «ይኼ ቤት ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል።»

ጨርቁን ከስንጥቁ መንጭቆ አወጣና መስኮቱን በረገደው። ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። ጠርሙሱን አሸተተ፣ ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ።

ገባችሁ? ስለ ሳሏ ብዬ የተሳልኩት ሥዕል ነው ሳሏን ያመጣው። መልአኩ ምንም አላለም። የተናገረው አኳራጁ ነው።

«አንተ!» አልኩ ወደ ሰሎሞን ዞሬ። «ስትማር ይኼ እንደሚያፍን አላስተማሩህም?»

«አስተምረውኛል። አየር ባለበት ነው የሚሠራው። በመጀመሪያው ቀን መስኮቱን ልክፈት ስልሽ ‹ብርድ ልታስመታብኝ ነው?› ብለሽ የጮኽሽው ማነሽ?»

እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ። ያን ሰዓት ግን እውነት የሚናገር ሰው አላስፈለገኝም። «ውጣ!» አልኩት። ሸራውን ተሸክሞ በረንዳ ላይ ወጣ፣ በካፊያው ሥር ቆሞ ዓይኔን ጨረሰና ደኅና ዋሉ ሳይል ሄደ። ያቀረብኩለትን ምሳ ሳይነካው።

ቤዛ በሁለተኛው ቀን ሳሏ ጠፋ። እኔ ግን እፎይ አላልኩም። አኳራጅ ነበር ማለት ስለቴ ደረሰ ማለት አይደለም። ቃሌ ቃሌ ነው፤ ባላደርስ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መስኮት ከፍተው የሚያስወጡት ሳል ላይሆን ይችላል።

ጳጉሜን ሦስት ዝናቡ እየወረደ ሥዕሉን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ቤዛን በአንድ እጄ ይዤ ወደ ደብራችን ሄድኩ። ሕፃናቱ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ በዝናቡ ይታጠባሉ። ቄሰ ገበዙ፣ ሽማግሌ አባት ናቸው፣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥላና ምንጣፍ ከሰው ይቀበላሉ። ላስቲኩን ፈታሁት። አባ አዩ። ፂማቸውን ያዙ።

«ይቺ ማናት?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«በጎን ነሽ።»

«አዎ አባ።»

«ዓይንሽ ሁለት ነው።»

«አዎ አባ። ኃጥእ ነኝ፤ ግን ያን ያህል አይደለሁም።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ዞሬ አየሁት፤ አቆመ። አባ ግን አልሳቁም። «ለሁለቱም ዓይንሽ እሺ» አሉ። «ስለት ያስገባ ሰው ወደ መልአኩ ነው የሚያየው። አንቺ ፊትሽን አዙረሽ ምን ታያለሽ?»

«ልጄን።»

«በመልአኩ ፊት?»

ለአሥራ ሰባት ቀን የታፈነ ንዴት ነበረብኝ። «አባ፣ እሱ መልአክ ነው» አልኳቸው። «ሳል አይዘውም፣ ብርድ አይመታው፣ ከደረጃ አይወድቅ። እሱን ምን ብዬ ልጠብቀው? የተሳልኩለት እኮ እሷን ላጣት ነው ብዬ ነው!»

ልጄ ቀሚሴን ጎተተች። በቃ፣ ስለቴን በገዛ አፌ አበላሸሁት ብዬ ላስቲኩን ላነሣ ጎንበስ አልኩ።

አባ ሥዕሉን አንሥተው ራቅ አድርገው ያዙት። «መቅደስ ውስጥ አይሰቀልም» አሉ። «ደንብ አለው። ክርስትና ቤት ግን ግድግዳው ባዶ ነው። እዚያ እናቶች ናቸው የሚያዩት።» መስቀላቸውን አውጥተው መጀመሪያ ልጄን፣ ቀጥሎ እኔን አሳለሙን። «ስለትሽ ደርሷል። ሂጂ፣ ልጅቷን እንዳይበርዳት።»

እግሬ እስኪቀጥን ሮጥኩ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ሮጥኩ።

ባለፈው ሳምንት የእትዬ ዘውዴ የልጅ ልጅ ክርስትና ተነሣ። አብሬ ሄድኩ። ሥዕሌ ግድግዳው ላይ አለ። ልጃቸው ሕፃኑን እንዳቀፈች ተራዋን ስትጠብቅ «እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ለምንድነው ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ዘውዴ እኔን አዩኝና ሳል የያዛቸው መሰሉ።

እኔም ላለመመለስ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ። አግዳሚው ላይ እናቶች ተደርድረዋል። ከቆምኩበት ሆኜ በጎን አየኋቸው። አንዷ ሻሽ ታስተካክላለች፣ አንዷ ጡጦ ታሞቃለች፣ አንዷ ሕፃኗ ይተነፍስ እንደሆነ ጣቷን አፍንጫው ሥር ታደርጋለች። ካህኑ ገብተው ሰላም አሉ፤ ቀና ያለች የለችም። ሁሉም አንገታቸውን ወደ እቅፋቸው ዘንበል አድርገዋል። ቆጠርኳቸው። ሰባት እናት፣ ሰባት ዓይን።

ቀና ብዬ እንደገና ሥዕሌን አየሁት። በግድ ያስገባሁት ሁለተኛው ዓይን ማንንም አያይም።

እንዴት እንደተናደድኩ አልነግራችሁም።